ፖስተኛውን ያስቆሙት ልጆች

የዲትሮይቱ የሙዚቃ ኩባንያ ሞታውን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሴቶቹን ቡድን ሱፕሪምስን ነው የሚለው። ዳያና ሮስ፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ነገር። ጥሩ፣ አልጣላም። ግን እነሱ ገና ስማቸው ሳይታወቅ ያንን ኩባንያ የአሜሪካ ሰንጠረዥ አናት ላይ ያወጡት ሌሎች ልጆች ናቸው፤ ማርቨሌትስ ይባላሉ። ዘፈኑ «ፕሊዝ ሚስተር ፖስትማን» ነው። ነሐሴ 1961 ወጣ፣ በእኛ 1953 መሆኑ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። ለሞታውን የመጀመሪያው አንደኛ እሱ ነው።

ጉዳዩ ቀላል ነው። የምትወደው ልጅ ርቆ ሄዷል፣ ደብዳቤ አልጻፈም። ፖስተኛው ሲያልፍ ታስቆመዋለች፣ እስኪ ቦርሳህን ደግመህ እይልኝ ትለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ደብዳቤው መጣ አልመጣ ዘፈኑ አይነግረንም።

ይሄን ጉዳይ ለወሎ ሰው ብትሰጡት ትዝታ ያወርድበታል፣ ወይ አምባሰል። ክራሩ ቀስ ይላል፣ ናፍቆቱ ይብላላል፣ ሰሚው አንገቱን ይደፋል። እነዚህ ግን ያጨበጭባሉ! ሆዷ እየተቃጠለ እግር የሚያስነሳ ዜማ። ድራሙን የሚመታው ማን መሰላችሁ፣ በኋላ ዝነኛ ዘፋኝ የሆነው ማርቪን ጌይ። ያኔ ገና ስሙ ያልወጣ ጎረምሳ ነበር፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያገኘውን ይሠራል።

እኔን የያዘኝ ግን ድራሙ አይደለም። ተቀባዮቹ ናቸው።

ሰርግ ላይ ያደገ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መንዙማም ላይ እንደዚያው ነው፣ ተቀባዩ ከደከመ አውራጁ ምንም ድምፅ ቢኖረው ቤቱ አይሞቅም። እዚህ ዘፈን ላይ ደግሞ ተቀባዮቹ ቀድመው ነው የሚገቡት። አንድ ቃል ይጮሃሉ፣ ቆይ እንደማለት፣ ከዚያ አውራጇ ግላዲስ ሆርተን ትከተላለች። ድምጿ ትንሽ ሻካራ ነው፣ አልተወለወለም። ያኔ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። እሷ ስትለምን ጓደኞቿ ከኋላ ይገፏታል፣ ይደግሙላታል፣ ፖስተኛውን እንዳይሄድ መንገድ የዘጉበት ነው የሚመስለው። መጨረሻው ላይ ልመናው ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል፣ ቶሎ አድርስ ነው ነገሩ። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ይሄን ያህል የምትደፍር አይመስለኝም።

ልጆቹ ዲትሮይት አጠገብ ካለች ኢንክስተር ከምትባል ከተማ ናቸው፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች። ትምህርት ቤታቸው ባዘጋጀው ውድድር ሦስተኛ እንኳ አልወጡም። ቢሆንም ሞታውን የመፈተን ዕድል አገኙና ሄዱ። እዚያ ደግሞ የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ ኑ ተባሉ። ከመካከላቸው ጆርጂያ ዶቢንስ የምትባለው ዊሊያም ጋሬት ወደሚባል ዘፈን የሚጽፍ ወዳጇ ሄደች። እሱ በዚህ ርእስ የጻፈው ብሉዝ ነበረው። ርእሱን ወሰደችና የቀረውን እንደ አዲስ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ የሞታውን ሰዎች፣ ብራያን ሆላንድና ሮበርት ቤትማን፣ አስተካከሉት። ፍሬዲ ጎርማንም አለበት። እሱ ደግሞ ኑሮው የእውነት ፖስተኛ ነበር፣ ደብዳቤ አዳይ! ፖስተኛ ለፖስተኛ ዘፈን ሲያስተካክል አስቡት እስኪ።

ጆርጂያስ? ሳትዘፍነው ቀረች። እናቷ ታማለች፣ አባቷ ደግሞ ውሉን አልፈቀደም። በእሷ ቦታ ዋንዳ ያንግ ገባች። አባት እምቢ ካለ አለ ነው፣ ይሄን ለማወቅ ዲትሮይት መሄድ አያስፈልግም። እኛ ሰፈር ሰርግ ላይ አገር የምታስለቅስ፣ ከሰርግ ሌላ መድረክ ያላየች ሴት ሞልታለች። ስለዚህ ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ግላዲስ ብቻ አይደለም፤ ሬዲዮ ከፍታ የራሷን ግጥም በሌላ ሰው አፍ ስለምትሰማዋ ልጅም ነው።

እሑድ ለት ቡና ላይ ለአክስቴ ከስልኬ ከፈትኩላት። እንግሊዝኛ አትሰማም። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አለች። ነገርኳት። ሲኒውን አስቀምጣ ሳቀች። «ፖስተኛው በር ድረስ ይመጣላት ኖሯል? ታድላ!»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ያኔ ፖስታ በሳጥን ቁጥር ነበር፣ በር የሚያንኳኳ አልነበረም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና አጎቴ፣ ጅዳ በነበረ ጊዜ ደብዳቤው የሚመጣው በአንድ የምታውቀው ሠራተኛ ሳጥን ነበር። ደሴ ፖስታ ቤት ትሄዳለች፣ ቁልፏን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ትከፍታለች፣ ባዶ ነው። እጇን አስገብታ ጥጉን ሁሉ ትዳስሳለች፣ ምናልባት ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ ብላ። እንደዚያች ልጅ የምትቆጣው ሰው እንኳ የላትም፣ ሳጥን ላይ አይጮህ። ጎረቤቶቿ «አብሽሪ፣ በሰው ልኮት ይሆናል» ይሏታል። ሲመጣ ደግሞ ያው ነው፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ግማሽ ገጹ ሰላምታ ነው፣ ለእነ እከሌ ሰላም በይልኝ እያለ ሰፈሩን ይዞራል። ለእሷ የሚተርፋት ሁለት መስመር። እሷ ግን ሁለቱን መስመር ዛሬም በቃሏ ታውቃቸዋለች፣ አልነግርህም አለችኝ እንጂ።

«ድገማት» አለችኝ። ደገምኩላት። ሁለተኛው ላይ ከተቀባዮቹ ጋር ታጨበጭብ ጀመር፣ ያውም ምቱን ሳትስት።

ዘፈኑን ብዙ ሰው ደግሞታል። ቢትልስ 1963 ላይ ሠርተውታል፣ ጆን ሌነን ነው የሚመራው፣ ጉልበት አለው። ግን እሱ ሲጮህ ፖስተኛውን ሊደበድበው ነው እንዴ ያሰኛል። ካርፔንተርስ ደግሞ 1975 ላይ እንደገና አንደኛ አደረጉት። የዘፋኛቸው የካረን ድምፅ ማር ነው፣ አልክድም። ችግሩ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፣ ደብዳቤው ደርሶ፣ ተነቦ፣ መሳቢያ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጭንቀቱ የለም። በእኔ ጆሮ የልጆቹን የሚደርስበት የለም፣ መከራከር የፈለገ ይከራከር።

ሐሜት ቢጤም አለ። የሞታውን ዘፈን ደራሲ የነበረው ላሞንት ዶዚየር ራሱ እንደተናገረው፣ ሱፕሪምስን 1964 ላይ የመጀመሪያ አንደኛቸው ያደረገውን ዘፈን መጀመሪያ ያሰቡት ለማርቨሌትስ ነበር፤ ልጆቹ አልወደድነውም ብለው መለሱት። ወይ ነዶ! ዝናውም ወደዚያው ሄደ።

ፖስትማንን ከወደዳችሁት ቀጥሎ «ቢችውድ 4-5789»ን ክፈቱ። 1962 ላይ እነዚሁ ልጆች ናቸው የዘፈኑት፣ ከደራሲዎቹ አንዱ ማርቪን ጌይ ነው። ርእሱ የስልክ ቁጥር ነው፤ ደብዳቤ መጠበቁ ሰልችቷቸው ይሆን፣ አሁን ደውልልኝ ነው የሚሉት።