የአዋቂዎች ትምህርት ከእሁድ አምልኮ አይለይ

በኮምቦልቻው የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምዕመናናችን የአዋቂዎች ትምህርት የሚሰጠው እሁድ ጠዋት ከአምልኮ በፊት ነው። በዚህ ዓመት የተያዘው ርእስ “እምነትና ሳይንስ” ሲሆን፣ ጥያቄው እየበዛ ሰዓቱ ስላልበቃ ትምህርቱ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛወር የሚል ሐሳብ ለሽማግሌዎች ቀርቧል። ሐሳቡን ከተቃወሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ በስብሰባው ላይ በጥቂት ቃላት የተናገርሁትንም እዚህ ሰፋ አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ለኮምቦልቻ ሰው ይህ ርእስ ከሩቅ አገር የመጣ ክርክር አይደለም። ከከተማችን ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰን በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር ድንቅነሽ ወደተገኘችበት የአፋር ቆላ ነው። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደኖረች፣ ከአዋሽ ማዶ በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆናት ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማራሉ። እነዚሁ ልጆች እሁድ ከእኛ ጋር ቆመው ሰማይንና ምድርን በፈጠረ በእግዚአብሔር አብ እንደሚያምኑ ይመሰክራሉ፤ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደሚይዙ ሲጠይቁን “ዝም ብላችሁ እመኑ” ብለን ማለፍ ወላጅነትም እረኝነትም አይደለም።

በክፍሉ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት “ለመሆኑ ዓመቱ አጥንቱ ላይ ተጽፎ ተገኘ?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በቁም ነገር የቀረበ ስለነበር መልሱም በቁም ነገር ተሰጣቸው። የሚለካው አጥንቱ ሳይሆን፣ ከበላዩና ከበታቹ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ፖታሲየም 40 የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ እኩሌታው ወደ ሌላ ነገር እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ከተለወጠውም ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይወጣል፣ ከበረደ በኋላ ግን የሚፈጠረው አርጎን በውስጡ ታምቆ ይቀራል፤ ስለዚህ የተጠራቀመውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር በማነጻጸር ድንጋዩ ከበረደ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ማስላት ይቻላል። የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደፈሰሰ የታወቀውም በዚሁ ዓይነት ልኬት ነው። እኚህ አባት ይህን በጥሞና ከሰሙ በኋላ “መልካም፤ አሁን የማልቀበለው የትኛውን እንደሆነ ለየሁ” አሉ። ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ እንዲቀይሩም የጠየቃቸው የለም፤ ሰው የሚከራከርበትን ነገር በትክክል ማወቁ ለአንድ ጠዋት ትልቅ ፍሬ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳይንስን የሚጠራጠር ምዕመን ሳይሆን፣ በየዘመኑ የሚወጣውን ግኝት ሁሉ በኦሪት ዘፍጥረት ጥቅሶች ውስጥ ተደብቆ ነበር እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አለመሆኑን በሥራ ቦታ ከሙስሊም ባልደረቦቼ ጋር ስንጨዋወት አይቻለሁ፤ እነርሱም ዘንድ ቁርኣንን በዚሁ መንገድ የሚያብራሩ አሉ፣ በዚህ የማይስማሙም አሉ። ብርሃን በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ግን በአራተኛው ቀን እንደተፈጠሩ የሚናገረውን ምዕራፍ የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ሲመረምር፣ ቀኖቹ እኛ እንደምናውቃቸው ቀናት ላይሆኑ እንደሚችሉ ጽፏል፤ ክርስቲያኖችም ስለ ሰማይና ስለ ምድር አሠራር ሳያውቁ በድፍረት እየተናገሩ በማያምኑ ፊት ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዳያስነቅፉ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ቅዱስ ቃሉን በሳይንስ ስንደግፍ ያከበርነው ይመስለናል፤ ነገር ግን ሳይንሱ ነገ በተሻሻለ ቁጥር ቃሉም አብሮ የተሻረ እንዲመስል እናደርጋለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቱን የምትከተለው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው ታናሹ ካቴኪዝም በተባለ የእምነት መማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያውን የእምነት አንቀጽ ሲያብራራ የሚነሣው ከዓለም ዕድሜ አይደለም። እግዚአብሔር እኔን ከፍጥረት ሁሉ ጋር እንደፈጠረኝ፣ ዓይኔንና ጆሮዬን፣ አእምሮዬንና ስሜቶቼን ሁሉ እንደሰጠኝ፣ ምግብና ልብሴንም በየቀኑ እንደሚያቀርብልኝ፣ ስለዚህም እርሱን ማመስገንና ማገልገል እንደሚገባኝ ይናገራል። ፍጥረትን ማመን በምስጋና ያበቃል፤ ምስጋና ደግሞ ቦታው አምልኮ ነው። አእምሮም ከተቀበልናቸው ስጦታዎች ተርታ ተቆጥሯል፤ የፖታሲየሙን ስሌት የሚያሰላው ይኸው አእምሮ ነው። ክፍሉ ከአምልኮው ጎን መቆየት አለበት የምለው ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

በክፍሉ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ጥያቄ በተነሣበት እሁድ ደግሞ ጉዳዩ ልብ የሚነካ ሆነ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ካራቆሬን የመታውና ማጀቴን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ በታላላቆቻችን ዘንድ ይታወሳል። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግንብ ላይ ነው፤ አፋር ደግሞ ሦስት የምድር ቅርፊቶች የሚራራቁባት ምድር ናት፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ይህን ካወቅን በኋላ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው “ኃጢአትህ ነው” የምንልበት አፍ ሊኖረን አይገባም። ጌታችን ራሱ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13፣ በሰሊሆም ግንቡ የወደቀባቸው አሥራ ስምንቱ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። በዚያ ቀን የምልጃው ጸሎት ሲደርስ ከክፍሉ የመጣነው ሰዎች ምን እንደምንለምን በግልጽ እናውቅ ነበር፦ ለተጎዱት መጽናናትን፣ ለሚገነቡትም ማስተዋልን። ቅዳሜ ተምረን ቢሆን ኖሮ ጥያቄው አንድ ሌሊት አድሮ ይበርድ ነበር።

ስለ በሽታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1527 ወረርሽኝ የሚኖርባትን ከተማ ዊተንበርግን በመታ ጊዜ ሉተር፣ ሰው ከሞት መሸሽ ይገባው እንደሆነ ለጠየቁት በደብዳቤ መልሷል። እግዚአብሔርን እንደሚለምን፣ ከዚያም ቤቱን እንደሚያጥን፣ መድኃኒት እንደሚሰጥና እንደሚወስድ፣ ከማያስፈልግበት ስፍራ እንደሚርቅ፣ ባልንጀራው ቢፈልገው ግን እንደማይሸሽ ጻፈ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጭምብል ማድረግን እንደ እምነት ጉድለት የቆጠሩ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ፤ ይህን ደብዳቤ ያኔ አንብበነው ቢሆን ብዙ መካሰስ ይቀርልን ነበር ብዬ አምናለሁ።

የታሪካችን ሌላው ገጽ ግን ያማል። ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚሄዱበትን ሕግ ያገኘው ዮሐንስ ኬፕለር ሉተራዊ ነበር፤ በቱቢንገን ነገረ መለኮት ተምሯል፣ እ.ኤ.አ. በ1595 ለመምህሩም በሥነ ፈለክ ሥራው እግዚአብሔር እየከበረ እንደሆነ ጽፏል። ይህ ሰው ሊንዝ በተባለው ከተማ ከጌታ እራት ተከለከለ። የተከለከለው በሥነ ፈለኩ ሳይሆን፣ የክርስቶስ ሥጋ በሁሉም ስፍራ ይገኛል የሚለውን የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ያለ ቅሬታ ልፈርም አልችልም በማለቱ ነው። የነገረ መለኮቱ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ሉተራዊ ነኝ እያለ ከማዕዱ ርቆ መኖሩን ሳስብ አዝናለሁ። ጥያቄ ያለው ሰው ከጥያቄው ክፍል ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ማዕዱ እንዲሄድ የምፈልገው ስለዚህ ነው። ንስሐውን ከእኛ ጋር ይናዘዛል፣ የኃጢአት ስርየትን ቃል ከእኛ ጋር ይሰማል፣ ኅብስቱንና ጽዋውን ከእኛ ጋር ይቀበላል፤ ስለ ድንቅነሽ ያለውን ጥርጣሬ አስቀድሞ ፈትቶ እንዲመጣ አይጠየቅም።

ለቅዳሜው ሐሳብ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ እሁድ ጠዋት ተረኛ የሆኑ ወጣቶች ትምህርቱ ያመልጣቸዋል። ለእነርሱ በሳምንቱ መካከል አንድ ምሽት ተጨማሪ ክፍል ቢከፈት እደግፋለሁ፤ እኔም ከሚያስተምሩት ጋር ለመቆም ፈቃደኛ ነኝ። የእሁዱ ግን ባለበት ይቆይ፤ ሰዓቱ አነሰ ከተባለም በግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን እንጀምር። ለሽማግሌዎች ያቀረብሁት ተጨማሪ ጥያቄ፣ የየሳምንቱን የምልጃ ጸሎት በዚያ ጠዋት ከተነሡት ጥያቄዎች ተነሥቶ የአዋቂዎቹ ክፍል እንዲያዘጋጀው ነው፤ ውሳኔያቸውን በሚቀጥለው ስብሰባ እንሰማለን።