ሳሙናውን ሁለት ዓመት ያለ ጥፋቱ ወቀስኩት

በብሩሽና በሳሙና ጢሜን መላጨት ስጀምር አንድ ሰው ቀድሞ «መጀመሪያ ውሃህን እይ» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ብር፣ ብዙ ንዴትና አንድ ነጭ ሸሚዝ ይተርፈኝ ነበር። የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተ እንዳትጎዱ ልጻፈው።

አጎቴ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቶንዶስ ሁሉን ነገር ከመውረሱ በፊት፣ በቆርቆሮ ጣሳ ሳሙና በብሩሽ ሲመታ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። አረፋው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነበር። ጣሳውን ቢገለብጠውም አይወርድም። እኔ አድጌ በቆርቆሮ ፎምና በሚጣል ምላጭ ስላጭ አንገቴ በሽፍታ ተሞላ። «በቃ፣ እንደ አጎቴ እላጫለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ብሩሽና ሳሙና መግዛቱ ቀላሉ ነው። ስለ ብሩሹ ግን አንድ ነገር ልበል። ርካሽ ከሆኑት የተፈጥሮ ፀጉር ብሩሾች ብዙዎቹ የአሳማ ፀጉር ናቸው። በእኛ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእናንተም ቤት ላይሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለውን ግዙ። መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ቶሎም ይደርቃል። ሳሙናውም ለመላጫ ተብሎ የተሠራ ይሁን። የገላ ሳሙና አረፋ ጉንጭ ላይ ሳይቆይ ይሞታል። የመላጫ ሳሙና ግን ስቴሪክ አሲድ የሚባለው የስብ አሲድ ስለሚበዛበትና በፖታሽ ስለሚሠራ አረፋው ይወፍራል፣ ይቆያልም።

ችግሩ የመጣው ጣሳው ውስጥ ነው።

ቧንቧው በሚጠፋባቸው ረጃጅም ሳምንታት የእኛ ቤት ሮቶ የሚሞላው ቦቴ በሚያመጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። በዚያ ውሃ ሳሙናውን ስመታ መጀመሪያ አረፋ የሚመስል ነገር ይወጣል። ደስ ይለኛል። ፊቴን ቀብቼ ምላጩን እስካነሳ ድረስ ጠፍቷል። ጣሳው ሥር ግራጫ ውሃ ይቀራል። ውሃው ላይ እንደ አይብ የተቆራረጠ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። ብሩሹን ስጨምቀው ያው አይብ መሳይ ነገር ፀጉሩ ሥር ተጣብቋል። በጣት ሲነካ ይለጠፋል፤ በውሃ ቢታጠብ አይለቅም።

እኔ ግን ሳሙናውን ወቀስኩ። ሌላ ገዛሁ። እሱንም ወቅሼ ከአዲስ አበባ ሦስተኛ አስላክሁ። ብሩሹንም ለወጥኩ። ክንዴ እስኪዝል መታሁ። ምንም።

ጥር ላይ የጓደኛዬ ሠርግ ነበር፤ ሚዜው እኔ ነኝ። ሙሽራውን ልንይዝ ልንወጣ አንድ ሰዓት ሲቀር በዚያው ሙት አረፋ ተላጨሁ። ምላጩ አገጬ ሥር ያዘኝና ቆረጠኝ። ደሙ አልቆም ብሎ አዲሱ ሸሚዜ አንገትጌ ላይ ወረደ። የጓደኛዬ የሠርግ ፎቶ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ውሃውን መጠርጠር የጀመርኩት። እናቴም ልብስ ስታጥብ «ይሄ ውሃ ሳሙና ይበላል» ትል ነበር። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ለመጠየቅ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው። አንድ ቀን መብራት የለም። በሦስተኛው ቀን ያገኘሁት ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ውሃው ተመርምሯል ወንድሜ፣ ለመጠጥ ምንም ችግር የለበትም። ከፈራህ አፍልተህ ጠጣ» አለኝ። እኔ ስለ መጠጥ አልጠየቅኩም። ካልሲየምና ማግኒዥየሙ ስንት ነው ነው ያልኩት። ዛሬም ያ መልስ አይዋጥልኝም።

ከሁሉ በላይ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ሃርድ ዋተር የሚባለውን፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን ውሃ፣ ትምህርት ቤት ሸምድጄ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ በውሃ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፤ አረፋ አይሰጥም። ያ አይብ መሳይ ነገር እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሳዬ ውስጥ እያየሁት አላወቅኩትም።

የተገለጠልኝ ጳጉሜ 3 ቀን ነው። የሩፋኤል ዕለት የዘነበውን ዝናብ እናቴ በባልዲ ትይዛለች። የሰፈር ልጆችም ዝናቡ ውስጥ ይጠመቃሉ። ሮቶው ባዶ ነበርና ሳላስፈቅድ በኩባያ ቀዳሁ። ብሩሹን ገና ሃያ ጊዜ ሳላዞር ጣሳው ሞላ። እንደ ማኪያቶ አረፋ የደቀቀ፣ እንደ እርጎ የከበደ። ብሩሹን ሳነሳው ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የአጎቴ አረፋ ይሄ ነው!

እናቴ ደረሰች። «አንተ ልጅ! በሩፋኤል ጸበል ጢም ትላጫለህ?» አለችኝ። በጣም አዘነች። ልክ ነበረች፤ ይቅርታ ጠየቅኳት።

በማግስቱ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ወሰድኩ። አንዱ ውስጥ ከጣሪያ የወረደ ተራ የዝናብ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ የጉድጓዱን ውሃ ግማሽ ግማሽ አደረግኩ። እኩል የሳሙና ፍርፋሪ ጨምሬ ናጥኳቸው። የዝናቡ እስከ አፉ አረፋ ሞላ። የጉድጓዱ እንደ ወተት ነጣና ፍርፋሪ አንሳፈፈ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ሳሙና ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ፊቴን ለብ ባለ ውሃ በደንብ አርሳለሁ። ብሩሹን አርጥቤ እጨምቀዋለሁ። የሳሙናዬ ካርቶን «ብሩሹን በብዙ ውሃ ይንከሩ» ይላል፤ አትስሙት። ሊደርቅ በቀረበ ብሩሽ ሳሙናውን ግማሽ ደቂቃ ያህል እሹ። ከዚያ ጣሳ ውስጥ እየመታችሁ ውሃውን በሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ውሃ መጨመር ይቻላል፤ መቀነስ ግን አይቻልም። አረፋው ሲያብረቀርቅና በሁለት ጣት መሐል ሲያንሸራትት ደርሷል። ደረቅና የተነፋ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል።

ምላጩን ጢሙ በሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ሂዱበት። ለልስላሴ ብለው በተቃራኒው ላጩ የሚሉ አሉ። የእኛ ጢም ጥቅልል ነው። ከቆዳ በታች ከተቆረጠ ተመልሶ ሲያድግ ቆዳውን ይወጋል። የአንገቴ ሽፍታ የቀረው ይህን ካቆምኩ በኋላ ነው።

ዝናብ ከሌለ ውሃውን አንተክትኩ። ለብ ማድረግ አይበቃም። አሥር ደቂቃ ያህል ይፍላ፣ ይቀዝቅዝ፣ ነጩ ይዝቀጥ፤ ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ። የእኛ ቤቱ ውሃ በዚህ መንገድ ብዙ ተሻሽሏል። ሰውዬው «አፍላ» ያለኝ ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ነገሩ ለካ ይሠራል። ዝቃጭ የያዘውን ብሩሽ ደግሞ አንድ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ንከሩት። የጣልኩትን የመጀመሪያ ብሩሽ ሳስብ ይቆጨኛል፤ ይድን ነበር።

አሁን ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ እስኪጨርስ ጠብቄ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እሞላለሁ። ለአንድ መላጨት ግማሽ ሊትር አይሞላም። በየሦስት ቀኑ ስላጭ እስከሚቀጥለው ሰኔ ያደርሰኛል። የሩፋኤሉን እናቴ ለብቻው በጠርሙስ ይዛ ከሥዕሉ አጠገብ ታስቀምጣለች። የእኔ ጀሪካኖች ላይ በከሰል «የጢም» ብላ የጻፈችውም እሷው ናት።