ውሃውን ማን ይቀዳላት ነበር?

የካቲት 30፣ ማታ። መብራት አለ፤ ውሃ የለም።

ትናንት ማርች 8 ነበር። በትምህርት ቤታችን በዓሉን የማዘጋጀት ዕጣ ለእኔ ደረሰኝ። ዕጣ የምለው ለወጉ ነው፤ የሥርዓተ ፆታ ክበቡን ከያዝኩ ወዲህ ከእኔ ሌላ ደርሶት የሚያውቅ የለም። የወትሮው ዝግጅት የታወቀ ነው። ሚኒ ሚዲያው ዘፈን ይለቃል፣ አንዲት ልጅ ግጥም ታነባለች፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፀሐዩ ይከራል፣ ሁሉም ይበተናል። ዘንድሮ እሱ ሰለቸኝና የሦስት ሴቶችን ፎቶ አሳትሜ ካርቶን ላይ ለጠፍኩ፤ ታሪካቸውንም ራሴ ልናገር ቆምኩ።

መጀመሪያ ዶክተር ሰገነት ቀለሙን አነሣሁ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ አዳልቻለሁ፣ አልክድም። (አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን "እሷ" ስላት ለልጆቹ የቀረበቻቸው መሰለኝ፣ እዚህም እንዲሁ ልቀጥል።) የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከአካባቢዋ ሴቶች የቀደማት አልነበረም። አሜሪካ ካንሳስ ሦስተኛ ዲግሪዋን ሠራች፣ ኮሎምቢያ ሄዳ በከብት መኖ ሣርና በተክል በሽታ ላይ ለዓመታት ተመራመረች። በ2013 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔን፣ ለመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዓመቱ ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ወሰደች።

ቀጥዬ የትነበርሽ ንጉሤን። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፤ ከወሎ ገጠር ሻሸመኔ ድረስ ተወስዳ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። ኋላ አዲስ አበባ ሕግ ተማረች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውር መሆኗ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ራሷ ትናገራለች። ይህን ስናገር ሴቶቹ ልጆች ዝም አሉ። ወንዶቹም።

ሦስተኛዋ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው። እንደውም በእሷ ቦታ ያሰብኩት እቴጌ ምንትዋብን ነበር፤ እሷ ያሠራቻት የጎንደሯ ቁስቋም በየቀኑ ከመስኮታችን ትታየናለች፣ ከቋራ መጥታ መንግሥት የመራች ሴት ከዚያ ወዲያ የት ይገኛል? አንዱ የክበቡ ልጅ "እሷማ ቲቸር የንጉሥ ሚስት ነበረች፣ እኛ የማን ሚስት እንሁን?" አለኝ። ወንድ ነው ደግሞ። ተውኩት።

ሸጋ ሆነ ብዬ ነበር። ጥያቄ ካላችሁ ስል ከኋላ አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዶክተሯ ስትማር ውሃውን ማን ይቀዳላት ነበር?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ የከነከነኝ ይኸው ሳቄ ነው። "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብዬ ወደ ሌላ ልጅ አለፍኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው የሚባለው መልስ ሲጠፋ እንደሆነ አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጅቷን አውቃታለሁ፣ የክፍሏ ሆም ሩም እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የስም መጥሪያውን ገልጬ በጣቴ ስሟን ተከትዬ ወረድኩ። ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። ከላይ ቀኑን ሳይ ሁሉም ማክሰኞ ነው። እነሱ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኖች በግቢው ቧንቧ ፊት ይሰለፋሉ፣ ወረፋ የለቀቀ ሳምንቱን ለጋሪ ውሃ ይከፍላል። የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟና ከአጎቷ ልጅ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ሦስቱም ተማሪ ናቸው። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ የሦስቱን ልብስ የምታጥበው ግን እሷ ናት። ወንድሟ ማክሰኞ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ እሱንም አየሁት።

ኅዳር ላይ ደግሞ እኔው ራሴ፣ ማክሰኞ ሁለተኛ ፔሬድ ላይ ስትደርስ፣ ለመቀጣጫ ብዬ በር ላይ ፀሐይ ላይ አቁሜያታለሁ። ለምን አረፈድሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር? ጠይቄያለሁ። "ይቅርታ ቲቸር" አለች። እሱን እንደ መልስ ቆጠርኩት።

ፈተናው ደግሞ የሚምር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን በተጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 ጭራሽ 3.2። ልጅቷ የምትፈልገው ሕክምና ነው፣ እዚሁ ጎንደር፣ በ1947 በጤና ኮሌጅነት ተከፍቶ ስንት ሐኪም ያወጣው ግቢ። ከሰፈሯ ወጥታ ስትቆም ይታያታል።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ጠራኋት። ልትቀጣ የመጣች መስሏት ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች። ተቀመጪ አልኳት። የሰገነትን ውሃ ማን እንደቀዳ እኔ እንጃ፣ የእኔን ግን ልንገርሽ አልኩና ለማንም አውርቼው የማላውቀውን አወራሁላት።

እኔም ከደንቢያ ገጠር ነው የመጣሁት። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባቴ አራዳ አካባቢ ክፍል ተከራየልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ስንቄን ያመጣል፦ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ ቅቤ። አከራዬ ጠላ ሻጭ ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ብር ግን ከባንክ ሠራተኛ በላይ ይቆጥራሉ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቅዳሜ አባቴ ስንቁን አውርዶ አልሄድ አለ። ሰው ጠይቋት ነው የመጣሁት አላቸው፤ ደህና ቤት ነው፣ በሬ አላቸው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። እትዬ ጠላ ቀዱለትና "ውይ፣ ምነው አያ፣ ልጅቷ እኮ ፈተና ላይ ናት!" አሉት። ፈተና አልነበረኝም። አባቴ ፈተናን እንደ ታቦት ነው የሚፈራው፣ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ወር መጣ፣ "ፈተና ላይ ናት"። ክረምት ሊገባ ሲል፣ "አሁንማ ዋናው ነው!"። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈተና ላይ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ውሃዬንም ብዙ ቀን እሳቸው ቀድተውልኛል፣ ለጠላው ሲቀዱ አንድ እንስራ ጨምረው።

የእሳቸውን ፎቶ ካርቶን ላይ አልለጠፍኩም። ፎቶም የላቸው፣ ለመታወቂያ ከተነሡት በቀር።

ልጅቷ ታሪኩ ላይ ሳቀች፣ በተለይ በሬዎቹ ላይ። እኔ ያሰብኩት ማክሰኞን ነበር። ወንድምሽን አናግራለሁ፣ በተራ ይቅዳ፤ እኔ ቤት ሮቶ አለ፣ ሲጨንቅሽ ከዚያ ውሰጂ አልኳት። ዝም ብላ የደብተሯን ጥግ ስታጥፍ ቆየችና፣

"ውሃውስ ይቀዳል ቲቸር" አለች። "ለአባቴ ፈተና ላይ ናት የሚልልኝ ነው ያጣሁት።"

ጥር ላይ ሽማግሌ ተልኮ ነበር ለካ። እናቷ ታማ ስለነበር ቀኑ ተገፋ እንጂ አልቀረም። አሁን ሁዳዴ ነው፣ በጾም ሰርግ የለም፣ ስለዚህ እስከ ፋሲካ ማንም አይነካት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን ድንኳን የሚተከልበት ወቅት ነው።

የአባቷን ስልክ ሰጠችኝ፣ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ፣ በእስክሪብቶ ጽፋ። ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "አቤት የኔ እመቤት፣ ምን አጠፋች?" አሉኝ። ምንም አላጠፋችም አልኳቸው፣ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ትምህርት ቤት ብቅ ይበሉልኝ። እሺ አሉ።

እና አሁን የትምህርት ካላንደሩን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ የእኛ ሞዴል ፈተና አለ። ሚያዝያ ላይ ሁለተኛው ሞዴል። ግንቦት ውስጥ የማጠናከሪያ ፈተና፣ እሱን ገና አላወጣሁትም፣ ግን አወጣዋለሁ። ሰኔ ዋናው። በመካከል ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ባዶ ናቸው፤ እዚያ ላይ "የባዮሎጂ ቴስት" ብዬ ጻፍኩ፣ በእስክሪብቶ። የኬሚስትሪውን መምህርም ነገ አናግረዋለሁ።