ፊሽካ ሲነፋ

እ.ኤ.አ. በ1994 የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሩዋንዳ፣ ቡጌሴራ ነው፤ ረግረጉ አጠገብ። ኤፕሪል 7 በእኛ በቱትሲዎች ላይ የዘር ጭፍጨፋው ሲጀመር ብዙ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሸ። ኒያማታና ንታራማ ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያው አለቁ። እኛ ደንገሉ ውስጥ ገባን።

ገዳዮቹ እንደ ሥራ ሰዓት ነበራቸው። ጠዋት እየዘፈኑ፣ ፊሽካ እየነፉ ይመጣሉ። ወደ ማታ ፊሽካ ይነፋና ይመለሳሉ። እማዬ ጭቃው ላይ አስተኝታ ደንገል ታለብሰኛለች። አንድ ማታ ፊሽካው ተነፋ፣ እኔ ተነሳሁ፣ እሷ አልተነሳችም። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ገዳዮቹን ይወጋ የነበረው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ወታደሮች ሲደርሱ ብቻዬን ነበርኩ።

አክስቴ አሳደገችኝ። ስለዚያ ጊዜ እሷም አትጠይቀኝም፣ እኔም አላወራም። ትምህርት ቤት የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ሲነፋ ግን ዴስክ ሥር እገባ ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም አበድኩ ብዬ አምን ነበር። በሀገሬ ይህ ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ "ኢሃሃሙካ" ይባላል። ትንፋሽ የሚያሳጣ ድንጋጤ ማለት ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል፣ በመታሰቢያው ሰሞን፣ ትልልቅ ሰዎች እየጮኹ ሲወድቁ አይቻለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተረፉ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ገባሁ። እዚያ ወላጅ የሌለን ልጆች "ቤተሰብ" እንመሠርታለን። አባትና እናት ከመካከላችን እንመርጣለን። የእኔ "አባት" ገና 22 ዓመቱ ነበር! ግን ዝናብ ሲጥል መጥቶ በሬን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ኤፕሪል የዝናብ ወር ነው። የዝናቡ ድምፅ ወደ ረግረጉ ይመልሰኛል።

አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። "አውሪው፣ ይቀልሻል" ሲሉኝ ሁሉንም በአንድ ምሽት ዘረገፍኩት፤ ሳምንት ሙሉ መተኛት አቃተኝ። በኋላ ያገኘኋት የሥነ ልቦና ባለሙያ ታሪኬን ቶሎ አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ ወደ አሁኑ ጊዜ መመለስ አስተማረችኝ፦ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ፣ የምታዪውን በስሙ ጥሪ፣ ዛሬ ስንት ነው? ዛሬም የማደርገው ይህንኑ ነው። ታሪኩን ቆንጥሬ ቆንጥሬ፣ ለምወደው ሰው ብቻ፣ በቀን ብርሃን አወራለሁ።

የጭፍጨፋው ተከሳሾች በመንደር ሰዎች ፊት በሚዳኙበት በጋቻቻ ችሎት አንድ ሰው እማዬ የት እንደወደቀች ተናገረ። አውጥተን ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ "ይቅር አልሽው?" ይለኛል። ይህ ጥያቄ ያደክመኛል። እንቅልፍ ይወስድሽ እንደሆነ ቢጠይቁኝ እመርጣለሁ።

ልጄ ዘንድሮ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ፊሽካ ይዛ መጣች። ልቀማት ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ ግን ተውኩት። "ከመንፋትሽ በፊት ንገሪኝ" አልኳት። አሁን ከግቢው ትጣራለች፦

"እማዬ፣ ልነፋ ነው!"

ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። እግሬን መሬት አስነካለሁ።

"ንፊ" እላታለሁ።