ደቻቱ የወሰደው ዳዊት

በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ቤት ንብረቱን ያጣው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከእኛ ቤት ሰው አልጎደለም። ልጆቻቸውን ከአሸዋ ውስጥ በሚፈልጉ ጎረቤቶቻችን ፊት ስለ መጽሐፍ ማውራት ነውር ስለነበር ስለ ዳዊቱ ለረጅም ጊዜ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ዝናቡ በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ላይ ሲጥል ግን ውሃው ተጠራቅሞ ሳይታሰብ ይደርሳል። ወንድ አያቴ ለምድር ባቡር ሥራ ከቡልጋ ሲመጡ ይዘውት የመጡት የብራና ዳዊት ከነማኅደሩ የተንጠለጠለበትን ግድግዳ ጎርፉ ናደው።

ዳዊቱ ከቀናት በኋላ ከጭቃ ውስጥ ተገኘ። ከጥላሸት የተሠራው ጥቁር ቀለም ለቅቆ ገጾቹ ጠይመዋል፤ ብራናውም በድሬዳዋ ፀሐይ ሲደርቅ ተኮማትሮና እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ እንጨት ደረቀ። በድጉሳው፣ ማለትም በቆዳ ሽፋኑ ጌጥ፣ ላይ የነበረው መስቀል ብቻ በጣት ሲዳሰስ ይታወቅ ነበር።

መዝሙሩ ሌላም ቦታ ይገኛል። እኔን የሚቆጨኝ የመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የቤተሰቡ ልደት፣ ክርስትና፣ ጋብቻና ሞት፣ አንዳንዴም የእርሻ ድንበር ስምምነት፣ በተለያየ ሰው እጅ ተጽፎ ነበር። በ1960ዎቹ የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቅጂ አትርፎልናል፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ከጎርፉ በኋላ በተመዘገበው የጉዳት ዝርዝር ውስጥም ቤት፣ ከብትና የቤት ዕቃ እንጂ እንዲህ ያለው ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ጉዳቱ የተሰማን ሴት አያቴ ባረፉ ጊዜ ነው። ካህኑ ለጸሎት የሟቾችን የክርስትና ስም ሲጠይቁ የሴት አያቴን እናት ስም በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አንዷ አክስቴ ወለተ ማርያም ናቸው ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ወለተ ሚካኤል ሲባሉ ሰምቻለሁ ብላ ትከራከራለች። ሁለቱንም ስሞች ማን እንዳለ ጨምሬ በደብተሬ ላይ አስፍሬያለሁ፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጸሎት ስም ስትሰጥ ሁለቱንም ታስጠራለች።