የዘመተበትን ትታችሁ ያረጀበትን ካውንቲ ፈልጉ

የባለቤቴ እናት ቨርጂኒያ ተወልደው ያደጉ አሜሪካዊት ናቸው። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በሚሊሺያ መዝመቱን እየሰሙ ያደጉ በመሆናቸው፣ ማስረጃውን እንድፈልግላቸው ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አልቻልሁም። የዘር ሐረጉን ማጠናቀርና የስሙን ልዩ ልዩ አጻጻፍ መሰብሰብ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ፈጀ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። የዘር ሐረግ ፍለጋ መመሪያው «ከካውንቲው (ከግዛት በታች ካለው አስተዳደር) ጀምር» ይላልና ሰውዬው ወደዘመተበት የቨርጂኒያ ካውንቲ ፍርድ ቤት ሰባት ወር ተመላለስሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በሄድሁ ቁጥር «ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ያለው ተቃጥሏል» ይሉኛል፤ የዘማችነቱ ማስረጃ የሚገኝበት የጡረታ ማመልከቻ ድሮም ወደ ዋሽንግተን ይላክ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም። ከእሳቸው ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ፤ ሕጉን አስቀድሜ ባነብ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1818 የወጣው የጡረታ ሕግ በመደበኛው ጦር ያገለገሉ ችግረኞችን ብቻ ይመለከት ነበር፤ ሚሊሺያው በሰፊው የተካተተው ቢያንስ ስድስት ወር ላገለገለ ሁሉ ጡረታ በፈቀደው በ1832ቱ ሕግ ነው። አዛውንቱም ቃለ መሐላ የሚሰጠው በዚያን ጊዜ በሚኖርበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ነበር። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ቨርጂኒያዊ ተራራውን ተሻግሮ በ1792 ራሷን የቻለች ግዛት ወደሆነችው ኬንታኪ ተሰድዷል! የእኛም ሰው እዚያው ነበር።

በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማይክሮፊልም (በፊልም የተቀዱ ሰነዶች) በስሙ ስፈልግ በአንድ ምሽት አገኘሁት። እዚህም ላይ ተሞኝቼ መጀመሪያ ያየሁት ኤም 805 የተባለውን ነው፤ እሱ ፋይሉ ከዐሥር ገጽ ሲበልጥ የተመረጡ ገጾቹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሙሉው ያለው ኤም 804 ላይ ነው። ፋይሉ «አር» የሚል ምልክት አለበት፤ ውድቅ ተደርጓል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይተወዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የተከለከለ ሰው ይሟገታል። የእኛ ሽማግሌ የስንብት ወረቀቱ ቤቱ ሲያፈስ በዝናብ እንደጠፋ አስረድቶ፣ መጻፍ ስለማይችል በስሙ መካከል የመስቀል ምልክት አድርጓል።

የተቆጠረለት አገልግሎት አምስት ወር ከዐሥራ ሁለት ቀን ነው። በዐሥራ ስምንት ቀን ጉድለት መከልከሉን ከነገርኋቸው ጀምሮ አማቴ ማመልከቻውን ውድቅ ያደረገውን ያን የዋሽንግተን ጸሐፊ ይቅር አላሉትም።