ሽፋኑ የሌለበት ናሙና

የምሠራበት ቡድን የሚያጠናው ካንሰር ያልሆኑ የሽንት ፊኛ ሕመሞችን፣ በተለይም ታማሚውን ቀን ከሌሊት ሽንት ቤት የሚያመላልሰውንና ፊኛው ሲሞላ ክፉኛ የሚያሠቃየውን ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ ነው። ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ ሐኪሙ ጋይ ሃነር እ.ኤ.አ. በ1915 የገለጹት ቁስለት በፊኛቸው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይታያል። የእኔ ድርሻ የኮምፒውተሩ ሥራ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ የፊኛ ቁራጭ የወጣው አር ኤን ኤ (የትኛው ጂን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የጂን ቅጂ) ተነብቦ እኔ ዘንድ የሚደርሰው 20,000 ያህል ጂኖች የተደረደሩበት የቁጥር ሰንጠረዥ ሆኖ ነው።

ቁስለት ያለባቸውን ከሌለባቸው ጋር ስናነጻጽር፣ ሽንት ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ የሚከላከለውን ሽፋን የሚያጠነክሩት የዩሮፕላኪን ፕሮቲኖች ጂኖች በአንድነት አሽቆልቁለው፣ የኢሚዩኖግሎቡሊን (የሰውነት መከላከያ ፀረ እንግዳ አካላት) ጂኖች ግን እጅግ ጨምረው ተገኙ። የቡድኑ መሪ ሕዋሳቱ ዩሮፕላኪን ማምረት አቁመዋል ብለው ደመደሙ፤ ምርቱን የሚያስጀምር መድኃኒት ለመፈለግ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ እስከ ማርቀቅም ደረሱ።

በስብሰባው ላይ ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩት ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት ሐኪም) ግን «ለመሆኑ ሽፋኑ ራሱ አለ ወይ?» ሲሉ ጠየቁና ስላይዶቹን አስመጡ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁስለት በሌለበት ናሙና ላይ የሽፋኑ ሕዋሳት ተደራርበው ይታያሉ፤ በቁስለኛው ላይ ግን ሽፋኑ ተልጦ ጠርዙ ላይ ብጣሽ ብቻ ቀርቷል፤ ከሥሩም ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚያመርቱት ፕላዝማ ሕዋሳት ጢም ብለው ሞልተዋል። ቁራጩ እንዳለ ተፈጭቶ ስለሚነበብ፣ ቁጥሩ የነገረን እያንዳንዱ ሕዋስ ምን እንደሠራ ሳይሆን በናሙናው ውስጥ የትኛው ሕዋስ እንደነበረ ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ለቆ ሄዶ ሳለ «ሰፈርተኛው እንጀራ መብላት ተወ» እንደ ማለት ነበር።

እያንዳንዱ ሕዋስ ለየብቻው ከሚነበብበት ዘዴ በተገኘ መረጃ የየናሙናውን የሕዋስ ስብጥር ገምቼ ልዩነቱን ሳስተካክል አብዛኛው ግኝት ከሰመ። መሪው በተረፉት ጂኖች ላይ ጽሑፍ እናውጣ ቢሉም እኔም ሆንኩ ፓቶሎጂስቷ አልተስማማንም፤ በናሙናው ውስጥ ያልነበረ ሕዋስ ምን ይሠራ እንደነበር ስሌት ሊነግረን አይችልምና። ዛሬ አር ኤን ኤው ከመውጣቱ በፊት ከየቁራጩ ስስ ገለባ ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል፤ የቀረው ሽፋን መጠንም በሰንጠረዤ አንድ ዓምድ ሆኖ ይመዘገባል። ማመልከቻውም ሽፋኑ ለምን እንደሚላጥና ለምን ተመልሶ እንደማይሸፍን ወደሚጠይቅ ጥናት ተለውጧል፤ ይህ ጥያቄ ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያጓጓ ነው።